የመነሻ ደብተር፦ ሽሮ ሜዳ፣ ከመጋቢት 2012 እስከ መስከረም 2013

መጋቢት 16፣ 2012

ሥራው ምን እንደሆነ በቅድሚያ ልጻፍ። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ ባለው መንደራችን ያለ ንግድ ፈቃድ የሚሠሩ ጎረቤቶቻችንን ሒሳብ በደብተር መያዝ ጀምረናል። እኛ ማለት ጥቂት የሰፈር ልጆች ነን። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ እኔ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ገጽ የተከፈተላቸው ጉሊት የሚቸረችሩ፣ ጀበና ቡና የሚያፈሉ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ቤታቸው ውስጥ የሚሸምኑና ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ናቸው።

ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ነው። ገጹ ላይ አራት ነገር ብቻ ይጻፋል። በእጅ ያለው መነሻ፣ ማለትም የሚሠራበት ገንዘብ፣ ስንት ነው? ሰው ዘንድ የቀረ ዱቤ ስንት ነው? የራሱ ዕዳ ስንት ነው? የገባበት ዕቁብ አለ ወይ? በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ይታደሳል። ያልተማረ ሰው ሲሆን ልጁ ይጽፍለታል፣ ልጅ ከሌለ እኛ እንጽፋለን።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መጋቢት 4 ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባም ታገደ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ዜና ስለ ሆቴልና ስለ አየር መንገድ ነው። የእነሱም ጉዳት እውነት ነው። ግን የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት በአፍሪካ ከሚሠራው ሰው 85.8 በመቶው ከመደበኛው ውጭ በሆነ ሥራ ነው የሚኖረው። የሥራ ውል የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ የሒሳብ መዝገብም የለውም። ሲከስር የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። ደብተሩን የጀመርነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ይበልጣል፤ መነሻው እያለቀ ያለ ሰው ካለ ሳያልቅ እንድንደርስለት ነው።

መጋቢት 22

ጉሊት ላይ ያልጠበቅነው ነገር አየን። ሽያጩ ጨምሯል! ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም የያዘች ሁሉ ከረፋዱ በፊት ትጨርሳለች። ዋጋው ከተማውን ሁሉ አነጋግሯል። አንዷ እናት ግን በሰሞኑ ገቢ አልተታለሉም። «ይሄ የድንጋጤ ገበያ ነው ልጄ፤ ሰው ሲረጋጋ አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። ገጻቸው ላይ የሰሞኑን ትርፍ ለብቻው ጻፍልኝ ብለው አጻፉ።

በተቃራኒው የትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጡት በአንድ ቀን ነው የቆሙት። ቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ ይዘው የሚቀመጡ ናቸው። ደንበኛቸው ተማሪ ነው። በሩ ሲዘጋ የሚሄዱበት ሌላ በር የለም። አንዷ ሳምቡሳውን ይዛ ታክሲ መያዣው ጋ ሄደች። እዚያም ሰው እጅ የነካው የበሰለ ነገር መግዛት ፈርቷል። ዘይቱና ዱቄቱ ቤቷ ተቀምጧል፤ ልጆቿ ይበሉታል። ዕቃ ሲበላ መነሻም አብሮ ተበላ ማለት ነው። ይህን ገጿ ላይ እንዴት እንደምንጽፈው የሒሳቡ ልጅ ብዙ አሰበበት። በመጨረሻ «ወደ ቤት የገባ» የሚል ዓምድ ጨመርን። ደብተሩ ላይ እስከ ዛሬ ከጨመርነው ሁሉ የሚጠቅመን ይህ ዓምድ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 5

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አምስት ወር ይቆያል ተብሏል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፣ መጨባበጥም እንዲሁ። አከራይ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር አይችልም።

አገሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ይህን መመዝገብ እፈልጋለሁ። ብዙ አገሮች ሕዝባቸውን ቤት አስቀምጠው በር ቆልፈዋል። እዚህ መንገዱ ክፍት ነው፣ ገበያውም ክፍት ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚያይ ሰው «እነሱ እንኳ እየሠሩ ነው» ሊል ይችላል። ተቀምጠዋል እንጂ ምን ይሠራሉ? የጀበና ቡናዋ እህት ዛሬም ቄጠማዋን ጎዝጉዛ ከሰሏን አቀጣጥላለች። በርጩማዎቹን አራርቃለች፣ ስኒዎቹን በፈላ ውኃ ታጥባለች። ከጠዋት እስከ ምሳ የመጣው ጥበቃው ብቻ ነው። ቡና ለብቻ አይጠጣም፤ ሰው የሚመጣው ለወሬው ጭምር ነው። የተከለከለው ደግሞ አብሮ መቀመጡ ነው።

የእኛንም ሥራ አዋጁ ቀይሮታል። ቤት ለቤት አንሄድም። ነርሷ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ያለው ጀሪካን ጉሊቱ መግቢያ ላይ አስቀመጠች። እዚያው በየተራ፣ ማስክ አድርገን፣ ርቀን ቆመን እንመዘግባለን።

ሚያዝያ 13

ትናንት በስቲያ ፋሲካ ነበር። ስለ ሸማኔዎቹ በደንብ ልጻፍ።

ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ከፋሲካ በፊት ያለውን ጊዜ ያውቀዋል። ለበዓሉ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ለሠርግ የሚሆን ጥበብ፤ ከዚያ ጾሙ ሲፈታ የሠርግ ወራት። ከውጭ አገር የሚመጣው ወገናችንም የባህል ልብስ የሚገዛው እዚሁ ነው። አብዛኛው ሸማኔ የጋሞ ሰው ነው። ከዶርዜና ከአካባቢው መጥቶ በትንሽ የኪራይ ክፍል ውስጥ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ እግሩን አስገብቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ጥለቱን ዓይቶ ማን እንደሠራው የሚለዩ ነጋዴዎች አሉ። እንዲህ ያለ ሙያ ነው።

ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ ከቤት ሆኖ እንዲጸልይ ሆነ። ሠርጉ ሁሉ ተላለፈ። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የለም። ቀሚሱ ግን ተሠርቶ ነበር። የፋሲካ ቀሚስ ሥራ የሚጀመረው ከወራት በፊት ነው፤ ድርና ማጉ የሚገዛውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የሸማኔው መነሻ በሙሉ ጨርቅ ሆኖ ተቀምጧል። ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ልብላው ቢሉ አይበላ፣ ልሽጠው ቢሉ ገዢ የለ።

አንድ ጋሼ ያሉት ሁሉ በአንድ ነጋዴ እጅ ነው። ቀሚሶቹን በአደራ ሰጥተው «ሲሸጥ ትከፍለኛለህ» ብለዋል። እንዲህ ሲሠሩ ዓመታት ኖረዋል፣ ነጋዴውም አላሳፈራቸውም ነበር። ዛሬ ነጋዴው ራሱ ሱቁን ከፍቶ ይውላል እንጂ ሰው አይገባም። ገጻቸው ላይ «ዱቤ» በሚለው ሥር የጻፍነው ቁጥር ትልቅ ነው። «መነሻ» በሚለው ሥር ምንም የለም። በወረቀት ሀብታም ናቸው፣ ቤታቸው ግን ዱቄት የለም።

የሸማኔው ጉዳት እሳቸው ጋ አይቆምም። ፈትል የሚፈትሉላቸው እናቶች አሉ። ጥለት ላይ የሚሰፉ ልጆች አሉ። ሚስታቸው ሽንኩርትና ቲማቲም በዱቤ የሚወስዱባት የጉሊት ሴት አለች። እሷም ዛሬ ስትነግረን ሸማኔ ቤቶች ያልከፈሏት ከመነሻዋ ይበልጣል።

ሚያዝያ 24

የዕቁቡ ነገር።

ከጀመርን ወዲህ ያየነውን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚያመጣው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ጉሊቱ የራሱ ሳምንታዊ ዕቁብ ነበረው። በየሳምንቱ ሁሉም 100 ብር ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። ለዚህ ሰፈር ነጋዴ ዕቁብ ባንኩም፣ አበዳሪውም፣ ቁጠባውም እሱ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ የሚቀየረው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈለው፣ ድርና ማግ በብዛት የሚገዛው በዕቁብ ብር ነው። ዋስ ይጠራል እንጂ መያዣ አይጠየቅም። ዳኛው የሚያውቁት የሰውየውን ጠባይ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ መሰብሰብ ሲከለከል የዕቁቡ ጸሐፊ ቤት ለቤት እየዞረ መሰብሰብ ጀመረ። ጥቂት ሳምንት ሄደ። ከዚያ አንዱ «ሳምንት እጨምራለሁ» አለ፣ ሌላዋ ግማሹን ሰጠች። ዳኛው ከማስጨነቅ ብለው ዕቁቡ ለጊዜው ይቁም አሉ። ውሳኔው የርኅራኄ ነው፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ እወስን ነበር። ግን ዕቁብ መሐል ላይ ሲቆም ጉዳቱ እኩል አይደርስም። በመጀመሪያ ሳምንታት ዕጣ የወጣላቸው ብሩን ወስደዋል። ያልወጣላቸው ሲጥሉ ከርመው እጃቸው ባዶ ነው። የወሰዱትም ቢሆኑ ብሩን በዕቃ ላይ አውለውታል፤ ዕቃው አልተሸጠም። ማንም ማንንም አልበደለም። ሁሉም ግን ተጎድቷል።

ዛሬ አንዷ የጉሊት ሴት ጋ ቁጭ ብለን የአንድ ሳምንቷን ሒሳብ ከእሷ ጋር ሠራን። ቁጥሩ የእሷው ነው፣ እንዳጻፈችን እጽፈዋለሁ። መነሻዋ 600 ብር ነው። በደህናው ጊዜ በቀን 150 ብር ገደማ ታተርፋለች። ከዚያ 110 ብር ለቤት ወጪ ይሄዳል። የተረፈው ለዕቁብና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። አሁን ትርፏ ወደ 60 ብር ወርዷል። የቤት ወጪዋ ግን ያው 110 ነው። ልጅ «ኮሮና ነውና ዛሬ አልበላም» አይልም። ስለዚህ በየቀኑ 50 ብር ከመነሻው ላይ ይነሳል። በስምንተኛው ቀን መነሻዋ 200 ብር ሆነ። በ200 ብር ሽንኩርት ለማምጣት መውጣት አያዋጣም። ከዚያ በኋላ መደቧ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ነው የደብተሩ ትርጉም ለእኔ የታየኝ። «ገቢ በዚህን ያህል ቀነሰ» የሚለው ቁጥር የእሷን ነገር አይናገርም። ደመወዝተኛ ገቢው ቢቀንስ ሥራው ሲመለስ ደመወዙ ይመለሳል። እሷ ግን ገበያው ነገ ሙሉ በሙሉ ቢመለስ እንኳ አትመለስም። የምትመለስበት 600 ብር የለማ! ወረርሽኙ የበላው መነሻውን ነው። ከዚህ በኋላ ደብተራችን ላይ ከላይ በትልቁ የሚጻፈው መነሻ ብቻ ይሆናል።

ለጉሊት ሴቶቹ አንድ የቀለላቸው ነገር አለ። አትክልት ተራ መጨናነቁን ለመቀነስ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሯል። ለብዙ ሰፈር ራቀ፣ ለእኛ ግን ቀረበ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር ይደረሳል። ታክሲ በግማሽ ጭኖ በእጥፍ ታሪፍ በሚሄድበት በዚህ ጊዜ በእግር መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ሲመለሱ ሸክሙን ሽቅብ ይዘው ነው፤ እሱ ይከብዳል።

ግንቦት 6

መንግሥት የወሰዳቸውን እርምጃዎች ከገጾቻችን ጋር አስተያየን። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ፈቅዷል። የቆየ የግብር ዕዳ ተሰርዟል። ሠራተኛ ላላሰናበቱ ድርጅቶች እፎይታ ተሰጥቷል። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ሥራ ያተርፋሉ። የሚደርሱት ግን የባንክ ብድር ላለው፣ የግብር መለያ ቁጥር ላለውና ሠራተኛ ላስመዘገበ ሰው ነው። ደብተራችን ላይ ካሉት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

የከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ የነበሩ ጎረቤቶች ክፍያቸው ቀድሞ ተሰጥቷቸዋል፤ በእነዚያ ቤቶች ለውጡ ይታያል። ማዕድ ማጋራቱም ዱቄትና ዘይት አምጥቷል። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ግን የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም። ከጋሞ መጥተው በኪራይ የሚኖሩ ናቸው። ዝርዝር ሲወጣ ስማቸው አይኖርም። ከሁሉ የረዳቸው ከቤት እንዳይባረሩ የሚከለክለው የአዋጁ አንቀጽ ነው። የኪራይ ውል ባይኖራቸውም አከራዮቹ አዋጁን ሰምተው ታግሠዋል። አንድ ሳንቲም ያልወጣበት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ቤተሰብ ከጎዳና አዳነ።

ስለዚህ መነሻውን ለመሙላት የራሳችንን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርን። የሰፈሩ ልጆች ያዋጣሉ። ዕድሩም ከተጠባባቂው ላይ ለማበደር ተስማምቷል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የሰፈራችን ልጆችም ልከዋል። አንዱ ታክሲ ነጂ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ባዶ ሆኖበት ራሱ ቤት ተቀምጧል። እንዲያም ሆኖ ላከ። ስልክ ደውዬ «አንተስ?» ስለው «እኔን መንግሥት ያየኛል፤ እነሱን ማን ያያል?» አለኝ።

ግንቦት 20

ክርክሩ ከየት እንጀምር የሚለው ነበር። የሒሳቡ ልጅ ከሸማኔዎቹ እንጀምር አለ። ዕዳው የሚጀምረው ከእነሱ ነው፤ እነሱ ሲከፍሉ ጉሊቷ ታገኛለች። ነርሷ አልተስማማችም። ዛሬ ቀሚስ የሚገዛ የለም፤ ለሸማኔ የተሰጠ ብር እንደገና ጨርቅ ሆኖ ይቀመጣል አለች። ሽንኩርትና እንጀራ ግን በየቀኑ ይሸጣል።

እኔ በነርሷ ሐሳብ ተስማማሁ። መጀመሪያ ለጉሊትና ለእንጀራ ሻጮች ሰጠን። አሰጣጡ እንዲህ ነው። ወለድ የለውም። በየሳምንቱ የሚመለሰው በአቅም ነው። የተመለሰው ለሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ዋሱ ዕድሩ ነው። አንድ ደንብ ብቻ አጥብቀን ያዝን፤ የመነሻው ብር በተለየ ጨርቅ ይቋጠራል። ለቤት ወጪ የሚሆን ስንቅ ለመጀመሪያው ወር ከማዕድ ማጋራቱ እንዲደርሳቸው አስቀድመን አስማምተናል። ያለዚያ ቋጠሮው መፈታቱ አይቀርም። የራበው ልጅ ያላት እናት ቋጠሮ ብትፈታ ማን ይፈርድባታል?

ጉሊት ላይ በኖራ መስመር ተሠምሮ ሴቶቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል። መደብ ያነሰው ለአንዳንዶቹ ነው፤ በተራ በተራ ጠዋትና ከሰዓት ተከፋፍለውታል። ይህን ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

ሰኔ 10

የማስክ ሥራ። ማስክ ግዴታ ከሆነ ወዲህ የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ከተረፈ መነንና ከጥጥ ጨርቅ መስፋት ጀምረዋል። ነርሷ ድርቡንና አስተጣጠቡን አሳየቻቸው። ሱቅ በደረቴዎቹ ሶፍትና ማስቲካውን ትተው ማስክ አንጠለጠሉ። ለጥቂት ሳምንት ጥሩ ገቢ ነበር። ከዚያ ከተማው ሁሉ ስለሰፋ ዋጋው ወረደ። አሁን የጉልበቱን ያህል ብቻ ያስገኛል። ቢሆንም ለሦስት ልብስ ሰፊዎች ክረምቱን መሻገሪያ ሆኗል።

ሐምሌ 18

ብዙ ሳልጽፍ ቆየሁ። ሰኔ 22 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበረው ሐዘንና ሁከት ከተማው ለቀናት ጭር ብሎ ነበር። ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። የዋሽንግተኖቹ ልጆች ደብተሩን በፎቶ ይከታተሉ ነበር፤ እሱም ተቋረጠ። በጉሊቱ ገጾች ላይ ያ ሳምንት ከወረርሽኙ ሳምንታት ሁሉ ይከፋል። ያ ጊዜ ምንም የሚሸጥ አልነበረም።

ክረምቱም ገብቷል። ጃንሜዳ ጭቃ ሆኗል። ሴቶቹ ቦት ጫማ አድርገው ነው የሚሄዱት፤ ቲማቲሙ ጭቃ ውስጥ እየወደቀ ይበሰብሳል። የሚጣለው ዕቃ በዝቶ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ለክረምቱ የሚበላሽ ነገር ቀንሰው ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን ላይ እንዲያተኩሩ ራሳቸው ተመካክረው ወሰኑ።

ዛሬ የሸማኔዎቹ ተራ ደረሰ። ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው፤ ቀሚሶቻቸው በነጋዴ እጅ የቀሩት። «ሠርግ ቢቀር ብርድ አይቀርም» አሉን። ጥበብ ቀሚስ ትተን ጋቢ እንሥራ ነው ነገሩ። ጋቢ ለበዓል አይጠበቅም፤ ክረምት ራሱ ገበያው ነው። ብር ሳይሆን ማግና ድር ገዝተን ሰጠናቸው። ፈታዮቹ እናቶችም በዚሁ ሥራ አገኙ። በቀሚስ ላይ የሚያሳዩትን ሙያ ለሚወድ ሰው ጋሼን ቀለል ያለ ጥለት ሲጥሉ ማየት ያሳዝናል። እሳቸው ግን እጃቸው ከመፍታቱ በፊት ሥራ መያዛቸው አስደስቷቸዋል።

ነሐሴ 24

የብድሩ አመላለስ ከጠበቅነው የተሻለ ነው። እንጀራ ሻጮቹ በሙሉ እየከፈሉ ነው። ከጉሊት ሁለት እናቶች ቆመዋል። አንዷ ታመው ነበር፣ አሁን አገግመዋል። ሌላዋ ልጇን ከቤሩት ለመመለስ ብሩን ላከች። ልጅቷ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ ደመወዟ ከቆመ ወራት ሆኖታል። ስለዚህኛው ገጽ ስንነጋገር የዕድሩ ሰብሳቢ «ይህ ብድር አይጠየቅም፤ ሲመቻት ታመጣለች» ብለው ዘጉት። እኔም በሙሉ ልቤ ተስማማሁ።

የጀበና ቡናዋ እህት መቀመጫውን ትታለች። ቡናውን በፔርሙስ ይዛ ግንባታ ላይ ለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ታደርሳለች። የሚጣል ስኒ ገዛንላት። ትርፏ ከበፊቱ ያንሳል። ከሰል አትጠብቅም፣ ቄጠማ አትጎዘጉዝም፤ ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ቅሬታ አለ። መነሻዋ ግን ላለፉት ሳምንታት አልቀነሰም።

በስልክ የሚደረጉ የቤተሰብ ጥናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። የዓለም ባንክ ከሚያዝያ ጀምሮ እያስደወለ ይጠይቃል። ጠቃሚ ሥራ ነው። ደብተራችን ላይ ካሉት ውስጥ ስልክ የሌላቸው፣ ያላቸውም በጎረቤት ቻርጅ የሚያደርጉ አሉ። እነሱን የሚደርስባቸው እዚሁ ሄዶ መጠየቅ ነው።

መስከረም 8፣ 2013

መስከረም 4 የብር ኖት ተቀየረ። 10፣ 50 እና 100 ብር በአዲስ ተተኩ፣ 200 ብርም ተጨመረ። የመቀየሪያው ጊዜ ሦስት ወር ነው። የጉሊቱ ሰው ደነገጠ፤ ቋጠሮው ሁሉ አሮጌ ብር ነው። ባንክ ቤት የማያውቁ እናቶች አሉ። ነርሷ የሥራ ፈረቃዋ ሲፈቅድላት እየወሰደቻቸው ነው። አንዳንዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የባንክ ደብተር አውጥተዋል። መነሻውን ባንክ ይዘው ትርፉን ብቻ በእጃቸው ማድረጉን ወደውታል፤ ይህን ለሌሎችም እንነግራለን።

ችግሩ ዱቤ ነው። ሚያዝያ ላይ ዱቤ የወሰደ ሰው ዛሬ አሮጌውን ብር ይዞ እየመጣ ይከፍላል። ይህን እንዲቀበሉ መክረናል፤ ጊዜው አለ። ለወራት ያልተነኩ የዱቤ ገጾች በዚህ ሳምንት ተዘግተዋል። ጋሼም ከነጋዴው የቀሚሶቻቸውን ከፊል ገንዘብ አገኙ።

መስከረም 20

መስቀል አለፈ። ለጋሞ ሰው መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። ሸማኔው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥበው በዚህ ቀን አገሩ ገብቶ ከወላጆቹ ጋር ሥጋ ለመብላት ነው። ዘንድሮ ከሰፈራችን የሄዱት ጥቂት ናቸው። ጋሼ ቀርተዋል። የትራንስፖርቱን ብር ቆጥረው ማግ ገዙበት። «እናቴ ትቆጣለች፤ ግን ባዶ እጄን ብሄድ ይበልጥ ታዝናለች» አሉኝ። ለእናታቸው አንድ ጋቢ በሚሄድ ጎረቤት ልከዋል።

የአዋጁ አምስት ወር አልቋል። በሽታው አላለቀም፤ የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ቦታው ላይ ይቆያል፣ ማስኩም አይወልቅም። ትምህርት ቤት በቅርቡ ይከፈታል ይባላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ብድር ተራ የትምህርት ቤት በር ሻጮቹ ነው። ሳምቡሳ የምትሸጠዋ እህት የመጀመሪያዋ ናት። ዘይት ከመጋቢት ጀምሮ ተወድዷል፤ የድሮው መነሻዋ አሁን አይበቃትም፣ ጨምረን እንሰጣታለን።

ዕቁቡም ሊጀመር ነው። ያቆመበት ላይ ይቀጥል ወይስ አዲስ ይመሥረት በሚለው ላይ ዳኛው አባላቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጠሩ አነጋግረዋል። የተስማሙት እንዲህ ነው። መጋቢት ላይ ያልደረሳቸው ሰዎች መጀመሪያ ዕጣ ይወጣላቸዋል። መዋጮው ከ100 ወደ 50 ብር ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ዕጣ ላይ ጥቂት ብር ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ዕቁቡ እንደገና መቆም ቢኖርበት ያልደረሳቸው ሰዎች ከዚያ ይከፈላቸዋል። ይህን ሐሳብ ያመጡት መጋቢት ላይ የድንጋጤውን ገበያ ትርፍ ለብቻው ያጻፉት እናት ናቸው። ደብተሩን ከእኛ ተረክቦ የሚይዘው የዕቁቡ ጸሐፊ ነው። የመጪውን እሑድ ምዝገባ አብረነው እንሠራለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ይቀጥላል።